የምድጃው ልኬት

ሰው ጠንክሮ ሲቆም አይቶ «እንግዲያው ድርሻው ይቀነስ» የሚል ፍጡር አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ታሪኩን ስነግራችሁ ድምፄ ከፍ ካለ ይቅር በሉኝ። ታሪኩ የፍቅር ነው። ግን የተጀመረው ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ዲግሪ ውስጥ ነው፤ ሊበላሽ የደረሰውም በአንድ ሰው ስስት ነው።

ልጅቷ የሰውነት ልኬት ባለሙያ ናት። ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ ትንፋሹን በመሣሪያ ተቀብላ፣ ሰውነቱ በሕይወት ለመቆየት ብቻ በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያቃጥል ታሰላለች። ወደዚያ ትልቅ የማቀዝቀዣ መጋዘን ያመጣት የእህቷ ባል ነው፤ የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ። «ጋሼ» ትለዋለች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው፤ ይህንንም ማዕድ በቀረበ ቁጥር ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ቀኑን ሙሉ የቀዘቀዘ ዓሣና ሥጋ የሚጭኑና የሚያወርዱ አርባ ሦስት ሰዎች አሉ። ለዓመታት በብርድ ሲሠሩ ሰውነታቸው ምን ያህል እንደተለወጠ ለክታ ለባለቤቶቹ ቦርድ ሪፖርት ታዘጋጃለች።

«ለጤናቸው ስንል ነው፤» አላት ጋሼ። አመነችው። ምን ታድርግ፣ ያሳደጋት ሰው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሠራተኞቹ «የበረዶ ቤት» የሚሉትን ክፍል ልይ ብላ በስስ ሹራብ ዘው አለች። ከባዱ በር ከኋላዋ ሲዘጋ ትንፋሿ ቁርጥ አለ። መነጽሯ በገዛ ትንፋሿ ነጭ ሆነ፤ ሽፋሽፍቷ ተጣበቀ፤ በሩ በየት በኩል እንደነበረ ጠፋት። ያኔ አንድ ትልቅ እጅ ወፍራም ኮፍያ አናቷ ላይ ጣል አድርጎ እስከ ጆሮዋ ጎተተላት።

«ሰው ቤት ሲገቡ ኮፍያ ያወልቃሉ፤ እኛ ቤት ሲገቡ ያጠልቃሉ፤» አለ አንድ ድምፅ።

«ማነህ?»

«ምድጃ ይሉኛል።»

«ለምን?»

«አይበርደኝማ። ደግሞ የሰጡኝን ሁሉ እበላለሁ።»

ፎርክሊፍት የሚሉት የዕቃ ማንሻ መኪና የማይገባባቸውን ጠባብ መደርደሪያዎች በትከሻው የሚሞላ ጫኝ ነበር። እጇን ይዞ ወደ በሩ መራትና አስወጣት። ውጭ መነጽሯን ስትጠርግ ዐይን ለዐይን ተጋጩ። ኮፍያውን ለመመለስ ያስታወሰችው ቤቷ ከደረሰች በኋላ ነው።

ልኬቱ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ተለኪው እራቱን ከበላ በኋላ እስከ ጠዋት ከውሃ በቀር ምንም አይቀምስም። ጠዋት ከሥራ በፊት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ ጭንቅላቱ ላይ ግልጽ የላስቲክ ቆብ ይደረግለታል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ፣ ሳያወራ፣ ሳያንቀላፋ መተንፈስ ብቻ ነው። ለኪዋም አጠገቡ ትቀመጣለች እንጂ ቃል አይወጣትም።

አርባ ሁለቱ ተለኩ። ለማነጻጸሪያ የተለኩት የቢሮ ጸሐፊዎች ተኝተው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ካሎሪ ሲያቃጥሉ፣ ጫኞቹ ወደ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ያቃጥሉ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው። ብርድ ሲበዛበት ሰውነት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ሲቆይ ደግሞ መንቀጥቀጡን እየቀነሰ ውስጥ ለውስጥ ሙቀት ማምረት ይማራል፤ አንገትና ትከሻ አካባቢ ያለችው ቡናማ ስብ ሥራ ትጀምራለች። ማገዶው ግን ምግብ ነው፤ ከሌላ ከየት ይመጣል?

መጨረሻ ላይ ምድጃው መጣ። ቁጥሩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሆነ።

«ቁርስ በልተሃል!» ብላ ጮኸችበት።

«እናቴ ትሙት፣ አልበላሁም!»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ሮጠህ ነው የመጣኸው?»

«ቀስ ብዬ ነው የመጣሁት። እንዲያውም ሰዓቱ አልሄድ ብሎኝ ውጭ ቆሜ ነበር።»

«ነገ ትደግማለህ።»

«ደስ ይለኛል፤» አለ። ባዶ ሆዱን ሊተኛ ደስ ይለኛል የሚል ሰው አይታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱም ያው። ከቆቡ ሥር ሆኖ የሚያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጣሪያውና እሷ። ጣሪያውን አንድ ደቂቃ ያየውና ይሰለቸዋል። እሷ መሣሪያውን ታያለች፤ ከዚያ ሳታውቀው እሱን ታያለች፤ ከዚያ ተደናግጣ እንደገና መሣሪያውን። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ሁለቱም አንድ ረጅም ነገር ያወሩ ይመስል ነበር። ቁጥሩ ደግሞ ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥር።

ያን ዕለት ጋሼ መጣና የሪፖርቷን ወረቀት ከጠረጴዛዋ ላይ አነሳ። «ገና አልጨረስኩም፤ የአንዱን ልኬት ማጣራት አለብኝ፤» አለችው። «የአንድ ሰው ነገር ምን ያጎላል?» ብሎ ይዞት ሄደ።

በሦስተኛው ጠዋት፣ ምድጃው ቆቡን አጥልቆ እንደተኛ፣ የመሣሪያው ወረቀት አለቀ። አዲስ ጥቅል ለማምጣት ስትወጣ ጽዳት የምትሠራውን ሴትዮ «እባክሽ አጠገቡ ቁጭ በይልኝ» አለቻት። ግምጃ ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየች። ስትመለስ ቁጥሩ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነበር፤ እንደ ጓደኞቹ፣ አንድም ሳይጎድል። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች፤ ዐይኗ እያየ ቁጥሩ ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

ፊቷ ቀላ። ልጁ በልቶም አይደለም፣ ሮጦም አይደለም። ልቡ እየደለቀ፣ ጡንቻው ተወጥሮ፣ ሲያያት ማረፍ ስላልቻለ ነው። ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። እየሳቀች እንዳያይዋት መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች።

ከሰዓት በኋላ ግን ጋሼ ቢሮ ገብታ «ያ ትልቁ ቁጥር ስህተት ነው፤ ላስተካክል» አለችው።

«ምክንያት?»

«ምክንያቱ… የልኬት ችግር ነው።»

«ሁለቴ ለክተሽ ሁለቴም አንድ ዓይነት ወጥቷል። ችግሩ የታለ?» ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። «ልጁ ሲያየኝ ነው» ብላ ለአማቿ እንዴት ትንገረው? አፍራ ወጣች። ይህችን ማፈር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ብዙ ሰው አስርባለች።

ሰኞ ጠዋት በረዶ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «በባለሙያ ልኬት እንደተረጋገጠው የሠራተኞቻችን ሰውነት ብርዱን ሙሉ በሙሉ ለምዷል። እንዲያውም አንዳንዶቹ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሙቀት ያመነጫሉ። ስለሆነም የማሞቂያው ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል፤ ትኩስ ምሳው ቀርቶ በዳቦ ተተክቷል።» ከሥር የእሷ ፊርማ ከሪፖርቱ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል።

አያችሁ ድፍረቱን? ሰዎቹ በየሁለት ሰዓቱ ወጥተው ጣታቸውን የሚያፍታቱባት አንዲት ክፍል ነበረች። እሷን ዘጋ። ቀን ላይ አንድ ሳህን ትኩስ ሾርባና ሥጋ ነበራቸው። እሱንም ወሰደ። የቆጠበውን ለቦርዱ አሳይቶ ሊመሰገን!

ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። «ጋሼ! ይሄ እኔ የጻፍኩት አይደለም!»

«‹ለምደዋል› ብለሽ አልጻፍሽም?»

«‹የለመዱት ብዙ ምግብ እያቃጠሉ ነው› ብዬም ጽፌያለሁ! ያን የት ጣሉት? እሳት ያለ እንጨት ይነዳል እንዴ? ብዙ የሚነድ ምድጃ ብዙ እንጨት ነው የሚፈልገው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።» በሩን ዘጋ። «ከሦስት ሳምንት በኋላ ቦርዱ ይሰበሰባል። ካጸደቀው ለዘለቄታው ይሆናል። እስከዚያ አፍሽን ያዥ። ማን እንዳስተማረሽ አትርሺ።»

ማታ እህቷ መጣች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘች።

«እባክሽ የኔ እህት፣ ቤቴን አታፍርሺብኝ። እሱ ቢዋረድ እኔ የት እገባለሁ?»

«እትዬ፣ ሰዎቹ እኮ እየራባቸው ነው።»

«ሌላ ሰው ይናገርላቸው። የግድ አንቺ መሆን አለብሽ?»

ከእሷ በቀር ቁጥሩ ስህተት መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለማ።

ምድጃው በማግስቱ መውጫው በር ላይ ጠበቃት። ፈገግታው የለም።

«ለጤናችን ነው ብለሽ አይደል ያስተኛሽን?»

«ነው።»

«ሦስት ጠዋት ባዶ ሆዴን የተኛሁት የአባባን ሳህን እንድትገለብጪበት ነው?» አባባ የሚሉት ከሁሉም የሚበልጠውን ሽማግሌ ጫኝ ነው። «ከሚያስፈልጋቸው በላይ ያሞቃሉ የተባለው እኮ እኔ ነኝ! ጓደኞቼ ዳቦ እየገመጡ እኔን ነው የሚያዩት። ‹በአንተ ምክንያት› ነው የሚሉት ዐይናቸው።»

«ቁጥሩ ስህተት ነው።»

«ምኑ ነው ስህተቱ?»

አፏን ከፈተች። ምን ትበለው? «ስለምትወደኝ ነው» ትበለው? ባይሆንስ? ቢስቅባትስ? አፏን መልሳ ዘጋች። እሱ ፊቷን አየ፣ አየ፣ ጠበቀ።

«እንግዲያው ስህተት የለውም፤» ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የሰዎቹን ክብደት ለመመዝገብ ሚዛን ይዛ በየምሳ ሰዓቱ ትወርድ ነበር፤ አንዳንዱ ይወጣላታል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። አንዱ ሁለት ኪሎ ቀንሷል፣ አንዱ ሦስት። የተራበ ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል፤ ሲቆጥብ ከጣትና ከእግር ነው የሚጀምረው። ያልበረደው ሁሉ በረደው። ምድጃው ራሱ ጓንት ደርቦ ማድረግ ጀመረ፤ እሷም ከሩቅ አየችው።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ አባባ የዓሣ ካርቶን አነሱ። ጣታቸው ደንዝዞ ስለነበር ካርቶኑ ሲያመልጣቸው አልተሰማቸውም። እግራቸው ላይ ወደቀ። ተሸክሞ ያወጣቸው ምድጃው ነው። በአጠገቧ ሲያልፍ አባባ አስቆሙት።

«ልጄ፣ ያ የምትለኪበት ነገር፣ ስለ እኔ ምን አለ?» አሏት።

«ብዙ መብላት አለባቸው አለ፣ አባባ።»

«እንግዲያው መሣሪያሽ ከሰው ይሻላል፤» አሉ። ይህን ያሉት ያለ ስድብ፣ እንዲሁ ነበር። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዐይኗን አልከደነችም።

አርብ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሰው ሲናገር እርሳስ የሚቀርጹ ሴት ናቸው። ጋሼ ቁጥሩን አነበበ፣ ቁጠባውን አነበበ፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ ምድጃውን አስገባው። እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ አስለብሶታል! እንደሚሸጥ በሬ መሃል አቆመው።

«ክቡራን፣ ይህ ሰው ተኝቶ እንኳ ሁለት ሺህ አራት መቶ ካሎሪ ያነዳል። በራሱ ምድጃ ነው። ይኸው ያለ ኮት ቆሟል። ይበርድሃል?»

«እዚህ ቢሮ ውስጥ?» አለ ምድጃው። አንዱ የቦርድ አባል ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ልጅቷ ጥግ ላይ ነበረች። ሳታስበው ተነሳች።

«ቁጥሩ ስህተት ነው፤» አለች።

«ቁጭ በይ፤» አለ ጋሼ።

«ትቁም፤» አሉ ሰብሳቢዋ። «ምኑ ነው ስህተቱ?»

«ልኬቱ የዕረፍት ልኬት ነው። እሱ ደግሞ አላረፈም ነበር።»

«ተንቀሳቅሷል?»

«ጣቱንም አላነቃነቀም።»

«በልቷል?»

«አልበላም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

እህቷን አሰበች፣ ማዕዱን አሰበች፣ የአባባን እግር አሰበች። ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ በጋሼ የተናደደችው፣ በራሷ የተናደደችው፣ ሁሉም አንድ ላይ።

«እኔ አጠገቡ ነበርኩ!» አለች፤ ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «ስወጣ ቁጥሩ እንደ ሰው ሁሉ ይሆናል። ስመለስ ይወጣል። ሦስት ጠዋት ለክቻለሁ። ይህ ሰው እኔ ባለሁበት ማረፍ አይችልም! ስህተቱ ይሄ ነው። ላስተካክለው ብዬ ጠይቄ ተከልክያለሁ፤ ምክንያቱን ግን አፍሬ ሳልናገር ቀርቻለሁ።»

«እና…?» ሊል የጀመረ አንድ የቦርድ አባል ነበር፤ ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመው።

ሰብሳቢዋ እርሳሱን አስቀመጡ። «እውነት ነው ወይ፣ ልጄ?»

ምድጃው እጅጌ ጉርድ ሸሚዙን ለብሶ፣ እጁን የሚያስገባበት አጥቶ ቆሟል። ወደ እሷ ዞረ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያትና ለሰብሳቢዋ መለሰ።

«ቁጥር አላውቅም፣ እትዬ። ግን አሁንም እዚሁ ብትለኩኝ ያው ነው የሚወጣው።»

የቀረውን እሷ እንደ ጅረት አወረደችው። የአርባ ሦስቱን ትክክለኛ ቁጥር፣ የቀነሱትን ኪሎ፣ የአባባን እግር። «ብርዱን ለምደዋል፤ እውነት ነው። የለመዱት በምግብ ነው። ከቢሮ ሠራተኛ በላይ መብላት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ጥንካሬያቸውን ቆጥራችሁ ሳህናቸውን አትንጠቋቸው!»

ሰብሳቢዋ ወደ ጋሼ ዞሩ። «እርስዎ ዛሬ ምሳ በልተዋል?»

«አ… አዎ።»

«ትኩስ ነበር?»

ጋሼ ክራቫቱን ነካካ። ለዚህ መልስ የሚሆን ቁጥር አላዘጋጀም ነበር።

ያኔውኑ ተወሰነ። የማሞቂያው ክፍል በዚያው ቀን ተከፈተ፤ ምሳው ተመለሰ፣ አንድ ጭልፋ ተጨምሮበት። ጋሼ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፤ እህቷ ለወራት አኮረፈቻት። እሷም ከልኬት ሥራ ተነሳች። «ተለኪውን ማሳረፍ የማትችል ለኪ አንቀጥርም፤» አሉ ሰብሳቢዋ፤ ሲሉት ግን ፈገግ ብለው ነበር።

ምድጃው ደረጃው ላይ ደረሰባት። ደስ ብሎት መስሏት ዞረች። ተቆጥቶ ነበር።

«ቆይ፣ ይህን ቃል ለማውጣት ነው ሦስት ሳምንት የፈጀብሽ?»

«አዎ።»

«አርባ ሦስት ሰው የተራበው አንቺ ስላፈርሽ ነው?»

«አዎ!» እንባዋ መጣ። «አዎ፣ ስላፈርኩ ነው! የአባባም እግር በእኔ ነው። ምን ልበልህ? ስደበኝ!»

አልሰደባትም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ባዶ ክንዱን አሸ።

«እኔም አውቅ ነበር፤» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ልቤ ሲደልቅ አይሰማኝም እንዴ? ቁጥሩ ለምን እንደጨመረ ከመጀመሪያው ጠዋት ነው የገባኝ። በሩ ላይ ‹ምኑ ነው ስህተቱ› ያልኩሽ አንቺው እንድትይው ነው። ኮርቼ። ሄጄ ለጫኞቹ አለቃ፣ ለካቦው፣ ‹ይህቺን ልጅ ወድጄ ነው› ብል ኖሮ ያን ማስታወቂያ አስቀድድላቸው ነበር። አላልኩም።»

ተያዩ። እንዲህ ሁለት ጅል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለጋሼ ያዋጡት ንዴት ሁሉ ዞሮ ለራሳቸው ደረሰ።

«ነይ፤» አለና እጇን ያዘ። «ወርደን እንንገራቸው። ስድቡን አብረን እንቀበል።»

ወረዱ። ሠራተኞቹ ማሞቂያው ክፍል ውስጥ፣ አባባ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተሰቅሎ፣ ሾርባቸውን ይዘው ነበር። ሁለቱ መሃል ቆመው እየተቀባበሉ፣ እየተንተባተቡ ሁሉንም ተናገሩ። እጇን አልለቀቀውም። ማንኪያዎቹ ቆሙ። ከኋላ አንዱ «ለእነሱ መተያየት ነው እኔ ሦስት ኪሎ የከፈልኩት?» ሲል ተሰማ፤ ሌላው ደግሞ አንድ የማይጻፍ ነገር ጨመረ። እሷ አንገቷን ደፋች።

አባባ ሳህናቸውን አስቀመጡ።

«አፈራችሁ?»

«አፈርን፣ አባባ፤» አሉ ሁለቱም።

«ደግ። እንግዲህ ቅጣታችሁን ስሙ። የእናንተን ፍቅር ሦስት ሳምንት በባዶ ሆዳችን ቀለብነው። ሰርጉ ላይ ትመልሱልናላችሁ፤ ሁላችንም እንመጣለን፣ ዳቦ ሳይሆን ሙሉ ሳህን እንበላለን።»

በዓመቱ ሰርጉ ሆነ። አርባ ሁለቱም መጡ፤ አባባ እያነከሱ ከፊት ነበሩ። ምግቡ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን አለቀ፤ ሙሽራውና ሙሽራዪቱ ሳይበሉ ቀሩ። አንድም የተቆጣ ሰው አልነበረም።